ከመልሷ በፊት የነበረው ዝምታ

ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አለቃው፣ ዜና አንባቢዎቹ፣ ጽዳቷና በር ጠባቂው ሳይቀሩ «ጋሽ ምላጭ» ይሉታል። እሱም ከለመደው ቆይቷል። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ በስሙ ቢጠሩት፣ ሌላ ሰው መስሎት ቁጭ እንዳለ ተራው አልፎታል።

ሥራው መቁረጥ ነው። ሰው ያወራል፣ መቅረጫው ይቀርጻል፣ ከዚያ ቡናማው የቴፕ ክር እሱ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋና ጥቅልሉን በሁለት እጁ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያሸ፣ ሳሉን፣ መንተባተቡን፣ «እ…» የሚለውን፣ «ምን መሰላችሁ» የሚለውን ፈልጎ ያገኛል። ምላጩን ያሳርፍበታል። የተቆረጠውን ጥሎ ሁለቱን ጫፎች በስስ ፕላስተር ያገጣጥማል። ስፌቱን ያወቀ አድማጭ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በእሱ ምላጭ ስር ያለፈ ተንተባታቢ ባለሥልጣን እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ብሎ ይወርዳል። «ጋሽ ምላጭ ባይኖር ኖሮ ይሄ አገር አሁንም ‹እ…› እያለ ነበር» ይላሉ ዜና አንባቢዎቹ፣ እየሳቁ።

ከሁሉ አብልጦ የሚቆርጠው ግን ዝምታን ነው። አየር ላይ ዝምታ ትንሽ ከቆየ የአለቃው ስልክ ያቃጭላል፤ «ምነው፣ ጣቢያው ሞተ እንዴ?» ስለዚህ ሰው ሲያስብ፣ ሲያመነታ፣ እንባውን ሲውጥ የቆየበትን ባዶ ክር ሁሉ ያወጣዋል። ጥያቄ ሲቀርብለት አንገቱን ደፍቶ የቆየ ሽማግሌ፣ በማግሥቱ በሬዲዮ ሲሰማ መልሱን በኪሱ ይዞ የመጣ ይመስላል። ጋሽ ምላጭ ይህን እንደ ቸርነት ነበር የሚቆጥረው። የሰው ገመና መሸፈን ነው ይላል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ጠባብ ወጥ ቤት፣ መንገዱን የሚያይ አንድ ትልቅ መስኮት። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ስር ተቀምጣለች። ስትሰፋ ታዜማለች፤ ግማሹ የጸሎት ዜማ ነው፣ ግማሹ ከራሷ የሚወጣ። መኪናዋ ስትቆም ዜማው ይቆማል፤ ስትነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ልጃቸው ያደገችው እዚያው መኪናው ስር፣ በእናቷ የጨርቅ ቁርጥራጭና በአባቷ የቴፕ ቁርጥራጭ እየተጫወተች ነው። ሚጣ ይሏታል። እነሱም እርስ በርስ በስም መጠራራት የተዉት እሷ ከተወለደች ጀምሮ ነው። እሱ «እናቷ» ይላታል፣ እሷ «አባቷ» ትለዋለች።

ሚጣ ጠያቂ ነበረች። አንድ ቀን፣ ገና አፏን በፈታች ሰሞን፣ ከመኪናው ስር ራሷን ብቅ አድርጋ፦

«እማዬ፣ እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን ሳይፈጥር በፊት ምን ይሠራ ነበር?»

«አንቺን እያሰበ ነበር» አለች እናቷ፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባች።

«ያን ሁሉ ጊዜ?»

«አንቺ ቀላል ነሽ እንዴ? ለማሰብ ጊዜ ትፈጂያለሽ።»

ልጅቷ ስቃ ወደ ጨርቋ ተመለሰች። ጥያቄው ግን አልተመለሰላትም መሰለኝ፤ አድጋ ሁሉም ሕክምና ወይ ሕግ ሲያጠና እሷ የሰማይን ነገር አጠናች። ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነች። እናቷ ጎረቤት ሲጠይቃት «ኮከብ ታስተምራለች» ትላለች፤ ኮከቦቹን ራሳቸውን ክፍል ውስጥ አስቀምጣ የምታስተምራቸው ይመስል። ሚጣ ከእናቷ ጋር ወደ ጸሎት ቤት መሄድ ቀስ በቀስ ተወች። ጠብ አልነበረም። ጠዋት እናት ነጠላዋን ስትከናነብ ልጅ መጽሐፏን ትገልጣለች፤ «ለኔም ጸልዪልኝ» ትላለች፣ ቀልድ ይሁን እውነት በማይለይ ድምፅ። እናትየውም ያችን ቃል እንደ አደራ ይዛ ትወጣለች።

ኋላ ደሟ ታመመ። መጀመሪያ ድካም ነው ተባለ፤ ከዚያ ስሙ ረጅም የሆነ ነገር ተባለ። ስሙን ካወቁ በኋላ ሦስቱም ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ፣ የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል።

የሬዲዮው ነገር የመጣው በዚያን ሰሞን ነው። የእሁድ ጭውውት አዘጋጇ፣ ሳቋ ከሦስት ክፍል ወዲያ የሚሰማ ሴት፣ «ዓለም ከመጀመሩ በፊት ምን ነበር?» የሚል ዝግጅት አሰበች። አንድ የተማረ፣ አንድ የሃይማኖት ሰው። «ጋሼ፣ ልጅህን ስጠኝ» አለችው። ሚጣም «እሄዳለሁ» አለች። እናቷ ተቃወመች፤ ድካሙን ነበር የፈራችው። ሚጣ ግን ኮቷን ደርባ፣ በአባቷ ክንድ ተደግፋ የጣቢያውን ደረጃ ወጣች።

ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ቄስ ገራገር ሽማግሌ ናቸው። ገና ሲቀመጡ «ልጄ፣ እንዳታዋርጂኝ፤ ምእመናኖቼ ይሰማሉ» አሏት።

«እኔንም ተማሪዎቼ ይሰማሉ አባ። እንተዛዘን።»

ከዚያ ወጉ ደራ። ቄሱ «እሱ ነበረ፤ ቦታ ሳይኖር ነበረ፣ ቀን ሳይኖር ነበረ» አሉ። ሚጣ ሳትቸኩል፦ «እኛ ወደ ኋላ እየቆጠርን እንሄዳለን አባ። ዓለም ስትጠብ፣ ስትጠብ፣ ስትግል፣ ስትግል… አንድ ቦታ ስንደርስ ሂሳባችን ራሱ ይሰበራል። ‹በፊት› ለማለትም እኮ ሰዓት ያስፈልጋል። ሰዓቱ ከዓለም ጋር አብሮ የተወለደ ከሆነ፣ ‹በፊት› የሚለው ቃል ራሱ የሚያድርበት ቤት የለውም።»

«ሂሳባችሁ የሚሰበርበት ቦታ ላይ እኛ ጫማችንን እናወልቃለን» አሉ ቄሱ።

«ጫማስ እኛም እናወልቃለን። ልዩነታችን እርስዎ የባለቤቱን ስም ይዘው ነው የሚገቡት። እኛ ገና በሩ ላይ ቆመን እያንኳኳን ነው።»

ሳቁ። ጋሽ ምላጭ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ሳቃቸው መርፌዋን ከፍ ሲያደርጋት አየ። የድምፅ መለኪያዋን መርፌ ማለት ነው፤ ሰው ሲናገር የምትነሳ፣ ዝም ሲል የምትተኛ።

አዘጋጇ በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «እንደ አስተማሪ አይደለም የምጠይቅሽ። እንደ አንቺ፣ እንደ ሰው። ከሁሉ በፊት አንድ የሚያውቀን፣ የሚጠብቀን ነበረ ትያለሽ?»

ዝምታ ሆነ። መርፌዋ ተኛች።

ዝምታው ቆየ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው አይቶ የማያስተውለው፣ ሬዲዮ ውስጥ ግን ዘመን የሚያህል። ጋሽ ምላጭ ዓይኑ መርፌዋ ላይ ነበር። ልጁ ላይ አልነበረም። ሁሌም እንደዚያ ነው፤ ሰውን የሚያየው በመርፌዋ በኩል ነው። የአለቃው ስልክ ሳይደወል ጆሮው ላይ ጮኸበት።

መርፌዋ ብድግ አለች። «አላውቅም» አለች ሚጣ። ከዚያ ምስጋና፣ ከዚያ ሙዚቃ።

በማግሥቱ ክሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ያንን ዝምታ ቆረጠው። እንደ ማንም ሰው ዝምታ። እንዲያውም ለልጁ ብሎ ተጠንቅቆ፣ ከጥያቄው ጫፍ እስከ መልሷ አፋፍ ድረስ፣ አንድም ትንፋሽ ሳያስቀር። የተማረች ልጁ አየር ላይ ሳትደናገር፣ ቶሎ እንድትመልስ ነበር የፈለገው። ገጠመው፣ ሰማው፣ አማረለት።

ዝግጅቱ ሲተላለፍ ሚጣ ሐኪም ቤት ተኝታለች። እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እናቷ ትንሿን ሬዲዮ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ወጣችና ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማች። «አንድ የሚያውቀን፣ የሚጠብቀን ነበረ ትያለሽ?» «አላውቅም።» ቀልጠፍ ያለ፣ ዝንብ እሽ እንደሚል ሰው። እናትየው ሬዲዮውን አጥፍታ ግድግዳውን ተደገፈች። ተመልሳ ስትገባ ግን ልጇን አንዳች አልጠየቀቻትም። በሽተኛ አይሟገቱትም፤ ሲሻላት እጠይቃታለሁ አለች በሆዷ። ብርድ ልብሷን አስተካከለችላት።

አልተሻላትም።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል አዘጋጇ ነበረች። ያ ሳቋ የት እንደገባ እንጃ፤ የወንበር ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ታሻሻለች። የሚባለው ሁሉ ተብሎ ሲያልቅ፣ ለማጽናናት ብላ፦

«የዚያን ቀን እንዴት ዝም እንዳለች አልረሳውም። ያቺን ጥያቄ ስጠይቃት። ቆየች እኮ! ስቱዲዮው ትንፋሹን የዋጠ ነው የመሰለኝ።»

እናትየው ቀና አለች። «መቼ ዝም አለች? እኔ ሰምቼዋለሁ። አፍ ከአፍ ነጥቃ ነው የመለሰችው።»

«ኧረ የለም፣ ቆይታለች። ማስታወሻዬን እያየሁ ልሙላው አልሙላው ብዬ ስጨነቅ…»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ምላጭ አልዞረም፤ የዞረችው ሚስቱ ብቻ ናት።

«የታለ ታዲያ?»

«ቆረጥኩት» አለ።

«ምኑን?»

«ዝም ያለችበትን።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። አልጮኸችም። «የልጄን ዝምታ ቆርጠህ ጣልከው» አለች፣ ለራሷ እንደምታስረዳ። ከዚያ እንደ ሥራ ትእዛዝ፣ እጅጌ አስረዝሚ እንደምትባለው ዓይነት፦ «መልሰህ ቀጥለው።»

ሰዉ ከሄደ በኋላም የስፌት መኪናዋ አልተነሳችም። ጸሎት ቤትም ቀረች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ነገረችው፤ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ሰሃን እያለቀለቀች።

«መጸለይ አቃተኝ አባቷ። ልጄን ተቀበላት ልል እነሳና፣ እሷ አላውቅህም ብላው ሄዳለች፤ እኔ በምን አፌ? የት ብዬ ልፈልጋት? አንድ ቦታ እንገናኛለን ብዬ ነበር የምኖረው።»

«አላውቅህም አላለችም። አላውቅም ነው ያለችው።»

«አንተ ስፌቱን ታውቃለህ፤ እኔ የሰማሁት ጨርቁን ነው። እንደዚያ ፈጥና ስትመልስ፣ አስባውም አታውቅም ማለት ነው። ቆይታ ከሆነ ግን… ቆይታ ከሆነማ እዚያ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ልጄን አውቃታለሁ። ዝም ስትል ዝም ብላ አይደለም።»

ከዚያ በኋላ፣ መኪናዋ እንደቆመች፣ የሚሰማው ዜማዋን ብቻ ሆነ። የጸሎቱ ዜማ ጠፍቶ፣ ከራሷ የሚወጣው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሰማይን ስትቆጥር ኮከቡን ስትለይ፣
ደጇ ጨለመና ሄደች ሳንተያይ።
ቃልሽ ደረሰልኝ እንደ ወፍ በርሮ፣
ከቃልሽ ፊት ያለው የት ቀረ ተሰውሮ?

ጋሽ ምላጭ መጀመሪያ የሄደው ቄሱ ጋ ነው። ቤታቸው ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተነቀለ የጫማ ሶል በሙጫ ሲያጣብቁ አገኛቸው።

«አባ፣ እርስዎ ፊት ለፊቷ ነበሩ። ዝም ስትል ምን አዩ? ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል?»

ቄሱ ሶሉን በሁለት ጣታቸው ጨምቀው ይዘው ቆዩ። «ልንገርህ ወንድሜ? አላየኋትም። አንድ የምሁር ነገር ተናግራ ታሳፍረኛለች ብዬ፣ የምመልሰውን እያዘጋጀሁ ነበር። ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ነው። ያቺ ልጅ ሞት አጠገቧ ቆሞ፣ እኔ ክርክር ማሸነፍ ነበር ሐሳቤ።»

ቄሱ ጣታቸው ላይ የቀረውን ሙጫ ጠረጉ።

«ከፈለግህ» አሉ ቄሱ ቆይተው፣ «‹ስትጸልይ አይቻታለሁ› ብዬ ለእናቷ ልንገራት። ኃጢአቱን እኔ ልሸከም።»

«ታውቅብዎታለች አባ። መዋሸት አይሆንልዎትም።»

«አዎ፣ አይሆንልኝም።» ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «መድረክ ላይ ቆሜ ‹ነበረ› ስል ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ቤቴ ገብቼ ልብሴን ሳወልቅ ግን ያቺ ‹ነበረ› ብቻዋን ትከብደኛለች። ማንም ሳይኖር፣ ምንም ሳይኖር፣ ብቻውን መኖር ምን እንደሚመስል እንጃ። ልጅህ ‹አላውቅም› ስትል ምን ተሰማኝ መሰለህ? ቀናሁባት።»

ከቄሱ ቤት ቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደ። የተቆረጡ ክሮች ጠረጴዛው ሥር ካለው ቅርጫት ወደ ጆንያ ይገባሉ፤ ጆንያው ሲሞላ ጽዳቷ ትወስደዋለች። የት እንደምትወስደው አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«አትክልተኛው ነው የሚወስደው ጋሼ» አለችው። «ለወፍ።»

«ለወፍ?»

«ይሂዱና ይዩት።»

ከጣቢያው ጀርባ፣ ከሬዲዮው ማማ ሥር፣ አትክልተኛው ጎመንና ቲማቲም ያበቅላል። በመደቦቹ ላይ ከእንጨት እንጨት ሲባጎ ወጥሯል፤ ሲባጎው ላይ ደግሞ የቴፕ ቁርጥራጭ በሺህ ተንጠልጥሎ በነፋሱ ይርገበገባል፣ በፀሐዩ ያብለጨልጫል። ጋሽ ምላጭ የዕድሜውን ሥራ ቆሞ አየው። ከሰው አፍ ያወጣው ሁሉ፣ ሳል፣ መንተባተብ፣ ማመንታት፣ ጎመን ላይ ይጨፍራል።

«ምን ዓይነት ነገር መሰለህ ጋሼ!» አለ አትክልተኛው፣ ኮርቶ። «ወፍ ዝር አይልም። የባለሥልጣን ሳል ነው የሰቀልኩባቸው።»

ጋሽ ምላጭ ለመሳቅ ሞከረ፣ አልመጣለትም። የሚፈልገውን ሲነግረው አትክልተኛው ኮፍያውን አወለቀ። አንዲትም ቃል ሳይጨምር መሰላል አመጣ። ሁለቱ ሆነው፣ አንዱ እየፈታ አንዱ እየያዘ፣ ክሩን ሁሉ አወረዱት። ዝናብ የመታው ነበረ፣ ፀሐይ ያደረቀው ነበረ፣ ወፍ ሳትፈራ ያራችበትም ነበረ።

ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ እየጠረገ ያደምጥ ገባ። ሳምንታት ፈጀበት። ማዳመጫው ውስጥ ዓለም ከመሠራቷ በፊት የነበረ የሚመስል ነገር ሰማ፤ ቅርጽ የሌለው፣ ስም የሌለው፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ትንፋሽ። አንዱ ሊናገር አፉን ከፍቶ ይቀራል። አንዲት ሴት ታለቅስና ትቆረጣለች። አንዱ «እኔ እንኳ…» ይላል፤ ምን እንኳ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ደግሞ ዝምታዎቹ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው፤ የዜናው ክፍል ዝምታ ጠባብና ደረቅ ነው፣ ሚጣ የተቀመጠችበት ግን ጥግ ላይ አሮጌ የአየር ማውጫ ስላለች ከሩቅ እንደምትሰማ ንብ እምም የሚል ድምፅ አለው። እሱን ይዞ ለየ፣ ለየ፣ ለየ። እጁ ላይ ጥቂት የዚያ ክፍል ዝምታዎች ቀሩ። አንደኛው ጫፉ ላይ አንዲት በጣም ትንሽ ድምፅ አላት፣ ምላስ ከላንቃ ስትላቀቅ የምትሰማ። ሰው ለመናገር ሲቃረብ። የሚጣ ልትሆን ትችላለች። እዚያው ክፍል ስለ ከብት በሽታ ያወራ የእንስሳት ሐኪም ዝምታም ልትሆን ትችላለች። ደጋግሞ ሰማት። ጆሮው እንደሚያውቃት ይምላል፤ ግን ጆሮው የሚፈልገውን ስለሚያውቅ ጆሮውን አላመነውም።

በባዶ ዝምታ ሚስቱ አትድንም ብሎ አሰበ። ስለዚህ ሌላ ነገር ሠራ። ሚጣ ልጅ ሳለች ቤት ውስጥ የቀረጻት ክር ነበረው፤ ከመተኛቷ በፊት ከእናቷ የተማረችውን ጸሎት ስትል። ከዚያ ላይ አንዲት ስንኝ ወሰደ። ድምፁን ቀነሰው፣ አቀጠነው፣ አራቀው፣ ሹክሹክታ እስኪሆን፣ ከሹክሹክታም አልፎ ከንፈር ብቻ እስኪመስል። ዝምታው ውስጥ አስገባት። ከፊት ጥያቄውን፣ ከኋላ «አላውቅም»ን ገጠመ። በሕይወቱ እንደዚያ የረቀቀ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም።

ከአገልግሎት የወጣ መቅረጫ ተሸክሞ ቤት ገባ። የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አገኘኸው?» አለች እናቷ።

«ስሚው።»

ማዳመጫውን አደረገላት። ጥቅልሎቹ መዞር ጀመሩ። ፊቷን ያይ ነበር፤ መርፌ የለም፣ ፊቷን ብቻ። ዓይኗ ሰፋ። እጇ ወደ አፏ ሄደ። ክሩ ሲያልቅ «ድገመው» አለች። ደገመው። «አንዴ ደግሞ።» ሦስተኛው ላይ ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀችው።

«ልጄ ናት» አለች።

«አዎ።»

«ግን አፍንጫዋ ተደፍኗል።»

ዓይኑን ወደ ጥቅልሎቹ መለሰ።

«ጉንፋን ይዟት የነበረ ጊዜ ነው ይሄ። ደረቷን በቅባት እያሸሁላት፣ ‹እማዬ ልጨርሰው ወይስ ልተኛ?› ስትለኝ። የጥርሷም ክፍተት ይሰማል።» እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ይሄን ስትሠራ ስንት ጊዜ ሰማሃት አባቷ?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ብቻህን?»

ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ነው ያለቀሰው። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ያልመጣ እንባ ነው፤ ትከሻው እየተናጠ፣ አፉን በመዳፉ ይዞ። እሷም ጠበቀችው። ሲበርድለት፦

«አውጣት» አለች። «ልጅነቷን ወደ ቦታዋ መልሳት። የማታውቀው ነገር ላይ ምስክር አታድርጋት።»

ምላጩን ከኪሱ አወጣ፤ ጸሎቷን ከዝምታው ውስጥ ለየና በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጠ። ዝምታውን መልሶ ገጠመ።

«የቀረውስ?» አለች፣ ክሩን በጣቷ ሳትነካው እየጠቆመች። «ይሄ የሷ ነው?»

«ልነግርሽ አልችልም። ክፍሉ ያ ክፍል ነው። ሰውየው ግን…»

«ያንን አልጠየቅኩህም። ታምናለህ ወይ ነው የምልህ።»

ጋሽ ምላጭ ዕድሜውን በሙሉ፣ አማኞችም ሊቃውንትም ሲሟገቱ፣ ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠ ሰው ነው። ማንም እንደዚያ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። አንገቱን ደፋ። ያቺን ከላንቃ የምትላቀቅ ምላስ አሰበ። ከብት ሐኪሙንም አሰበ። ታች መንገዱ ላይ ሰዎች እየተጠራሩ ያልፋሉ። ሚስቱ አላቻኮለችውም።

«አምናለሁ» አለ።

«እንግዲያው ለሁለታችንም ክፈተው።»

ማዳመጫውን ነቅሎ ድምፁን ለክፍሉ ለቀቀው። ጥያቄው መጣ። ከዚያ ያ እምምታ፣ ያ ምንም የሌለበት፣ ምንም ሊሆን የሚችል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙት። የሚስቱ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም፤ እሱም መሬት መሬት አላየም። ዝምታው ከሁለቱም ጉልበት በላይ ሲመስል፦

«አላውቅም» አለች ሚጣ።

«እኔም ልጄ» አለች እናቷ ወዲያው፣ ከወዲያኛው ክፍል እንደጠሯት ሁሉ። «እኔም አላውቅም። እናትሽም አታውቅም።»

ይህ ሐዘኑን አላነሳላቸውም። ለክፉ ቀን ያኖሩት መጽናኛ ሁሉ አልቆ ነበር፤ የሚያገናኝ ቦታ መኖሩን ማንም አልነገራቸው፣ አለመኖሩንም ማንም አልነገራቸው። ልጃቸው ሞታለች። ሁለት ሽማግሎች በአንድ የሰው ይሁን የራሳቸው ባልታወቀ ዝምታ ፊት ተቀምጠዋል፤ ሌላ ምንም የላቸውም።

ታች አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋ። እናቷ ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው፤ መጋረጃውንም ሳበችው፣ ጫጫታው እንዳይገባባት።

«በል፣ ድገመው» አለች።